መኪናው ተሸጠ፣ ስሙ ግን ቀረ

አጎቴ አንዲት ነጭ ኮሮላ ነበረችው። ደሴ ሸርፍ ተራ አካባቢ ቡና እየጠጡ፣ ደላላው መሀል ገብቶ ዋጋ ተቆረጠ። ብሩ ተቆጠረ፣ ቁልፉ ተሰጠ። ገዢው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፣ ሰላምታው ራሱ ያጠግባል። «ጋሼ፣ ስሙን በኋላ እናዞረዋለን፤ ለጊዜው ውክልና ይስጡኝና ልሥራበት» አለ። አጎቴ ሰጠው። ተመራርቀው ተለያዩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። ኮሮላዋ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ሰው ገጭታለች። ሲነዳ የነበረው ያ ጨዋ ልጅ እንኳ አይደለም። እሱ ለሌላ ሸጧል፣ ያኛው ደግሞ ለሦስተኛ ሰው። አጎቴ ሁለቱንም በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ ላይ ያለው ስም ግን አሁንም የእሱ ነው።

«ሸጫለሁ እኮ!» እያለ ከረመ። እውነቱን ነው፣ ሸጧል። ወረቀት አለው፣ ምስክር አለው። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የተጻፈ ነው። መኪና ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ያመልጣል። አጎቴ ግን አልተሰረቀም። በፈቃዱ፣ ያውም እየመረቀ ነው የሰጠው።

የተጎጂው ቤተሰብ ጠበቃ ሲይዝ፣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ነው። ፋይሉ ላይ ያገኘውን ስም ይከሳል። ከዚያ በኋላ «ለእገሌ ሸጬለታለሁ፣ እሱ ይጠራልኝ» እያሉ እገሌን መፈለግ የአጎቴ ሥራ ሆነ። የእገሌ ስልክ ደግሞ ተዘግቷል። በስተመጨረሻ ነገሩ በሽምግልና አለቀ። አለቀ ስል፣ አጎቴም ከኪሱ አውጥቶ ነው።

አንድ ነገር ይገርመኛል። በስሙ የተመዘገበ ጠመንጃ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ «ስሙን በኋላ እናዞራለን» የሚል ጤነኛ ሰው አላየሁም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባይኖር እንኳ፣ ሰው መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። መኪና ሲሆን ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ። ሁለት ኩንታል ጭኖ ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ መኪና ከጠመንጃ በምን ያንሳል?

ስም ማዞር የሚሸሸው ለምንድን ነው?

ስለሚያደክም ነው። ገንዘቡም አለ፤ የቴምብር ቀረጡ፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ ሌላ ሌላውም ተደማምሮ ኪስ ይነካል። ዋናው ግን ድካሙ ነው።

መንገዱን በአጭሩ ላሳያችሁ። ሻጭና ገዢ ሁለት ምስክር ይዘው የሽያጭ ውል ይዋዋላሉ። በእጅ የተጻፈ ውል በሁለታችሁ መካከል ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ መንገድ ትራንስፖርት ስም እንዲያዞር ግን ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው ቢሮ ፊት ተፈርሞ ማኅተም ማረፍ አለበት። ለዚያ መታወቂያ ይጠየቃል። ሊብሬው ይጠየቃል። የዓመቱ ቦሎ መታደስ አለበት። የሦስተኛ ወገን መድን መኖር አለበት። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ይከፈላል። መኪናው የንግድ ሰሌዳ ያለው ከሆነ ደግሞ ከገቢዎች ክሊራንስ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ስንት ሰው የሦስትና የአራት ዓመት ግብሩን ሳይዘጋ ከርሞ ተይዟል መሰላችሁ። ሻጩ ግብሩን እስኪጨርስ ገዢው ብሩን ከፍሎ ቁጭ ነው።

ቀጥሎ ሚስት ትመጣለች፤ ወይም ባል። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ መኪና የሁለቱ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ሊብሬው በአንዱ ስም ቢሆንም የሌላው ፈቃድና ፊርማ ይጠየቃል። ያላገባ ሰው ያላገባ መሆኑን፣ የፈታ ሰው መፍታቱን በወረቀት ያሳያል። ሚስቱ ሳትሰማ መኪናውን ሊሸጥ የመጣ ሰው ላብ ላብ ሲለው ያየሁት እዚህ መስኮት ላይ ነው። «ባለቤቴ ሐይቅ እናቷ ጋ ሄዳለች» አለ። «ስትመጣ ይዘዋት ይምጡ» ተባለ። ገዢው ዘወር ብሎ አየው። ያቺ ሽያጭ እዚያው ሞተች።

ባለቤቱ ሞቶ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው። ልጆቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳያወጡ፣ ሁሉም ወራሾች ሳይስማሙ የሚሸጥ ነገር የለም። «ታላቅ ወንድማቸው እኔ ነኝ» የሚለውን ሰው በፈገግታ ሸኙት።

ወሎ ውስጥ ደግሞ አንድ የራሳችን ጣጣ አለ። እህት ጅዳ ወይም ሪያድ ሆና ላቧን አንጠፍጥፋ ብር ትልካለች። ወንድም ባጃጅ ወይም መኪና ይገዛል፤ ሊብሬው በወንድም ስም ይወጣል። ሰፈሩ በሙሉ «የእሷ ነው» ይላል። መዝገቡ ግን «የእሱ ነው» ይላል። እሱ ከሸጠው ገዢው ጥፋት የለበትም። እሷ መብቷን ለማስከበር የላከችበትን ደረሰኝ ይዛ ከገዛ ወንድሟ ጋር ፍርድ ቤት መቆም ሊኖርባት ነው። የላኩበትን ማስረጃ ማስቀመጥ፣ ከተቻለም ከመነሻው በራስ ስም ማስመዝገብ ያዋጣል። እዚያው ሆና ልትሸጥ ከፈለገች ቆንስላ ቀርባ ውክልና ትሰጣለች፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ደርሶ ተረጋግጦ ነው እዚህ የሚሠራው። ወራት ሊወስድ ይችላል። ገዢ «ነገ ይደርሳል» ከተባለ አይመን።

ውክልና ሽያጭ አይደለም

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ውክልና ማለት «በእኔ ስም፣ በእኔ ቦታ ሆነህ ሥራልኝ» ማለት ነው። ንብረት አያስተላልፍም። አጎቴ ውክልና ሲሰጥ ለሕጉ ያለው ነገር «ይህ ልጅ የእኔን መኪና ይነዳል፣ ይሸጣል» ነው። የእኔን መኪና! ባለቤትነቱ ከእሱ አልወጣም ማለት ነው።

ለገዢም ቢሆን ጉዱ ብዙ ነው። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2226 ይህንን ይፈቅድለታል። ስለዚህ ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ፣ ጎማ ቀይራችሁ፣ ቀለም አስቀብታችሁ ሳለ ሻጩ አንድ ቀን ሄዶ ውክልናውን ቢሽርስ? በእጃችሁ የሚቀረው መኪናዋና ክርክር ነው። ባሰ ደግሞ ወካዩ ከሞተ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው አብሮት ይሞታል። ቁጥር 2232 ነው። ከዚያ ወዲያ የምትለማመጡት ወራሾቹን ነው። ከወራሾቹ አንዱ «አባቴ መኪና መሸጡን አልነገረኝም» ካለ የሽያጩን ወረቀት ይዛችሁ ፍርድ ቤት ትመላለሳላችሁ። የሽያጭ ወረቀት ያልያዘውንማ አላህ ይድረስለት።

ሰንሰለቱም አለ። የመጀመሪያው ገዢ በውክልና የያዘውን መኪና ለሁለተኛው ሲሸጥ፣ ውክልናው ላይ «ሌላ ሰው መወከል ይችላል» የሚል ቃል ከሌለ ለእሱ ማስተላለፍ አይችልም። ቃሉ ካለም እያንዳንዷ ቀለበት ከመጀመሪያው ሰው ጋር የታሰረች ናት። መጀመሪያ ላይ ያለው ሰው ሲሞት ወይም ሲሽር ሁሉም ይበጠሳል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ገዢ ታዲያ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ሰው ጤና ይጸልያል።

ለሻጭ ያለው አደጋ ግጭት ብቻ አይደለም። መኪናዋ ከባቲ መስመር ኮንትሮባንድ ጭና ብትያዝ፣ ፖሊስ ስም የሚያገኘው ከሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ወደ ፋይሉ፣ ፋይሉ ወደ እናንተ ቤት ይመራዋል። ንጹሕ መሆናችሁን ታስረዱ ይሆናል። እስከዚያው ግን ጣቢያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ መዋል አለ።

ደላላ ታዲያ ለምን ውክልናን ይወዳል? ኮሚሽኑ ዛሬ ስለሚከፈለው ነው። ስም ማዞር ሳምንት ከፈጀ እሱም ሳምንት ይጠብቃል፤ በሳምንት ውስጥ ደግሞ ገዢ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ደላላ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ከደላላው ጥቅም ጋር የማይሄደውን ምክር ከደላላው አትጠብቁ ነው የምለው።

ቀብድና ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ

ቀብድ ከተቀበላችሁ ውል ተደርጓል ማለት ነው። ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ ገዢ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ከቀረ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሰፈር ወግ ይመስላል እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ላይ ያለ ሕግ ነው። ብዙ ሻጭ የሚሰናከለው የተሻለ ዋጋ ይዞ የመጣ ሰው ሲያይ ነው። መቶ ሺህ ቀብድ የበላ ሰው ለሁለት መቶ ሺህ ተዘጋጅቶ ይሂድ።

ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ደግሞ አለ። «የቴምብሩ እንዲቀንስልን» ተብሎ ሚሊዮን የተሸጠው መኪና ውሉ ላይ ሦስት መቶ ሺህ ይሆናል። አንደኛ፣ ግብር ማጭበርበር ነው፤ ቢሮውም የራሱ ግምት ስላለው ብዙ ጊዜ አይበላለትም። ሁለተኛ፣ ገዢው ራሱን ያሥራል። መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ወይም ውሉ ቢፈርስ ገንዘቡን ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ የሚያነበው የፈረመበትን ሰነድ ነው። የጽሑፍ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል የታመነ ማስረጃ ነው፤ «በቃል ሌላ ነበር» ብሎ ምስክር መደርደር አያስኬድም። ሰባት መቶ ሺህ ብር አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። በዝውውር ሂሳብ በባንክ መክፈል ለዚህም ይጠቅማል፤ ባንኩ የሚሰጣችሁ ወረቀት አይረሳም፣ አይዋሽም።

ከመግዛት በፊት ወደ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ሐረጎ

መጀመሪያ ፋይሉን እዩ። ሻጩን ይዛችሁ መኪናው የተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ሂዱ። ሊብሬው ላይ ያለው ሻንሲና ሞተር ቁጥር ፋይሉ ላይ ካለው ጋር፣ ሁለቱም መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ አረጋግጡ። ሻንሲው ላይ ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተበይዶ ካያችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ውጡ። ሊብሬው ባንክ የታሰረ እንደሆነም ጠይቁ። ከተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወዲህ መኪና ለብድር መያዣ የሚመዘገብበት ሥርዓት አለ፤ ባለዕዳው ሸጦላችሁ ቢሄድ አበዳሪው መኪናውን ተከትሎ ይመጣል።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪናም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመብቱ ተጠቃሚ ላልሆነ ሰው ሊተላለፍ የሚችለው ቀረጡ ሲከፈል ነው። «ርካሽ ነው» የተባለው መኪና ቀረጡ ሲደመርበት ከአዲሱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበሩበት ጊዜ ንብረት የተዘረፈበት ሰው ብዙ ነው። ዛሬም ቢሆን ወረቀቱ ጎደሎ የሆነ መኪና ሲቀርብላችሁ «በጦርነቱ ጠፋ» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ግን ባለቤቱ ለፖሊስ አመልክቶ ምትክ ሊብሬ ያወጣል። ያላወጣ ሰው ለምን እንዳላወጣ ይጠየቅ። የተሰረቀ ንብረት ባለቤቱ ሲመጣ ይወሰዳል፤ እናንተ የጠፋውን ሻጭ ስትፈልጉ ትኖራላችሁ።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ አሁን ወደ መኪናው። የእኛ ከተሞች አንድ በጎ ነገር ሰጥተውናል፤ ነፃ የምርመራ ጣቢያ የሚሆን ዳገት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከል ሐረጎ አለ።

ጠዋት ሂዱ፤ ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቅ። ደሴ ላይ ብርዱ አጥንት ሲገባ የሚነሳ ሞተር ምንጊዜም ይነሳል። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ «ለምን አሞቅከው ወንድሜ?» በሉ። ሲነሳ ጭሱን እዩ። በብርድ ነጭ እንፋሎት ትንሽ ቢታይና ቢጠፋ ምንም አይደለም፤ ካልጠፋ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው።

ከዚያ ቁልቁል ውረዱ። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል? መሪው ይንቀጠቀጣል? ታች ስትደርሱ የጎማው አካባቢ የተቃጠለ ነገር ይሸታል? ኮምቦልቻ ሻይ ጠጡ፣ አትቸኩሉ። ስትመለሱ ዳገቱን በሙሉ ጭነት ውጡ፤ አራት ሰው ጫኑ። የሙቀት መጠቆሚያው ከመሀል ካለፈ፣ ማርሽ ካመለጠ፣ ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ሐረጎ ይነግራችኋል። «ወላሂ አንዴም አልተጋጨም» ያለውን ሰው ቃል ደግሞ ቀለም ሠሪ ይፍረድ። በር ሲዘጋ የሚሰጠው ድምፅ፣ በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት፣ ወለሉ ሥር ያለው ብየዳ ብዙ ይናገራል። ቆርጦ ቀጥል መኪና ከላይ ሙሽራ ነው፤ ከሥር ነው የሚታወቀው።

ብልሽት በኋላ ከተገኘስ? ሕጉ ገዢውን አይጥለውም። ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና አለበት። ገዢ ግን ወዲያው መመርመርና ጉድለቱን እንዳየ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ስድስት ወር ነድቶ «ሞተሩ የተበላሸ ነበር» ማለት ብዙም አያራምድም። ብዙ ውል ላይ «አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ትገባለች። ሻጭን ትከላከላለች። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀን ሻጭ ግን አትከላከልም።

ዋጋውስ? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በቆዩ ትልልቅ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ታገደ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ኮሮላ እንደ ወርቅ ይታያል። ሰው ለመግዛት ሲሻማ ደግሞ ፋይል ለማየት ትዕግሥት ያጣል። «ሌላ ገዢ በመንገድ ላይ ነው» ይላል ደላላው። ይምጣ።

አጎቴ ባለፈው ዓመት አንዲት ሌላ መኪና ሸጠ። ይኼኛው ገዢም ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ ቁልፉን ስጡኝና ወረቀቱን ቀስ ብለን» አለ። አጎቴ «እሺ ልጄ፣ ቀስ ብለን፤ ቁልፉም ከእኔ ጋር ቀስ ይላል» አለው። ባለቤቱን፣ እቴቴን፣ ይዞ ቢሮ ሄደ። አራት ቀን ፈጀ፤ አንዱን ቀን መብራት የለም ተብሎ ነው። ገዢው ሁለት ጊዜ አኮረፈ። አራተኛው ቀን ላይ አዲሱ ሊብሬ በገዢው ስም ወጣ፣ የቀረው ብር በባንክ ገባ፣ ቁልፉ ከነትርፉ ተሰጠ። አጎቴ የአዲሱን ሊብሬ ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ከውሉ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። ገዢው ደግሞ በዚያው ቀን መድን ድርጅቱ ጋ ሄዶ ውሉን ወደ ራሱ ስም አስቀየረ፤ የሰው ስም ያለበት መድን ይዞ ሐረጎን መውረድ አልፈለገም።